ያላዘዝነው 3.2 ሚሊ ሜትር

ሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017

ስልኬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ነው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «አቦ፣ ማሽኑ ጂን ገብቶበታል። ሳናዘው ይሄዳል» አለኝ። ሳቅሁ። ደርሼ የተበላሸውን ዋንዛ ሳይ ግን ሳቁ ለቀቀኝ።

ሥራው ከሐረር የመጣ ትእዛዝ ነው። ጀጎል ውስጥ ላለ ቤት የሚገጠም፣ ዙሪያውን ሐረግ የተቀረጸበት ባለ ሁለት ሳንቃ በር። ለአረፋ መድረስ አለበት። የጠርዙ ቅርጽ 2 ሜትር ርዝመትና 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሲኤንሲ ማሽን አንዱን ጠርዝ ለመቅረጽ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቅርጹ ሲጀመር ልክ ነው። እየቆየ ወደ ቀኝ ይሸሻል። መጨረሻ ላይ የሐረጉ ቅጠል ከመስመሩ ወጥቶ ክፈፉን በልቶታል። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ወደ ዜሮ፣ ወደ መነሻው ማለት ነው፣ ሲመለስ መቅረጫ ቢቱ የቆመው መነሻው ላይ በእርሳስ ከተሠመረችው መስቀል በስተቀኝ ነው። በካሊፐር ለካሁት፦ 3.2 ሚሊ ሜትር። መቆጣጠሪያው ላይ ግን «ኤክስ 0.00» ይላል። ዓይኑን ሳያሽ።

ማሽኑን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ 1.3 በ2.5 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ድልድይ ይሄዳል። ድልድዩ ጠረጴዛውን በርዝመቱ ሲሄድ ዋይ ነው። ጭንቅላቱ ድልድዩ ላይ ግራና ቀኝ ሲሄድ ኤክስ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ዜድ። እያንዳንዱ አክሲስ (አቅጣጫ) የራሱ ሰርቮ ሞተርና ሞተሩን የሚያዝ ድራይቭ የሚባል ሳጥን አለው። እንጨቱን የሚበላው ስፒንድል ደግሞ በኢንቨርተር ይሽከረከራል፣ በደቂቃ እስከ 24000 ዙር።

ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ሁለት ነገር አደረግሁ። ከስፒንድሉ ሥር ወፍራም ጉማጅ እንጨት አስገባሁ። ከስፒንድሉ ሥር ወፍራም ጉማጅ እንጨት አስገባሁ። ሳያዙት የሚሄድ ማሽን ውስጥ እጅ አይገባም። ጉማጁ ረቡዕ ዕለት ዋጋውን ከፈለ፤ እደርስበታለሁ።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት «ኢንጂነር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ቢያንስ ግማሹ ሽሙጥ ነው። «ቆሞ እያለም ይሳባል» አለኝ። «የሚሳበው ደግሞ መጨረሻ ወደሄደበት ነው። ወደ ቀኝ ሄዶ ከቆመ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ረሳሁት። ሦስት ቀን አስከፈለኝ።

ባለቤቱ የራሱ መልስ ነበረው፦ ሙቀት። ጠዋት ጠዋት ሲቆርጡ ምንም የለም። ከሰዓት ሲቀርጹ ነው የሚበላሸው። በግንቦት የድሬ ከሰዓት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን መልስ አይንቅም። የፓነሉ ማራገቢያ ማጣሪያ በኤምዲኤፍ (በተጨመቀ የእንጨት ሳንቃ) ብናኝ ተደፍኖ ነበር። ስለዚህ የፓነሉን በር ከፍተው የቤት ቬንቲሌተር ገትረውበታል። ብናኙ አሁን በቀጥታ ድራይቮቹ ላይ ያርፋል። ማጣሪያውን አጥቤ በሩን ዘጋሁ። ሙቀትን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አላወጣሁትም።

ከሰዓት በኋላ ከሜካኒኩ ጀመርኩ። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው ያረጀው። የላላ ብሎን ለማወቅ ብሎኑንና ብረቱን አቋርጦ የቀለም መስመር ያሰምራል። በማግስቱ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። እኔም በሞተሩ ዘንግ፣ በማያያዣው፣ ጭንቅላቱን በሚገፋው ትንሽ ማርሽ፣ በፒኞኑ ላይ ነጭ መስመር አሠመርኩ። ልጁን በቁራጭ እንጨት ላይ ሙሉ ቅርጽ አሠራሁት። ሸሸ፤ ያው 3 ሚሊ ሜትር። መስመሮቹ ግን አንዱም አልተሰበረም። ፒኞኑ አልዞረም። ማያያዣው አልተንሸራተተም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ድራይቩን ጠረጠርኩ። የኤክስ ድራይቭና የዋይ ድራይቭ መልካቸው አንድ ነው፣ ሞዴላቸውም አንድ። ልለዋውጣቸው። ችግሩ ከድራይቩ ጋር ወደ ዋይ ከሄደ ጥፋተኛው ድራይቩ ነው። ኤክስ ላይ ከቀረ ድራይቩ ነጻ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አፈጻጸሙ አሳፋሪ ነበር።

ለዋወጥኩ። ኤክስን 100 ሚሊ ሜትር ሂድ አልኩት። 200 ሄደ። የመጨረሻ ገደቡ ስዊች ላይ ደርሶ አንቧረቀ። ልጁ ወደኋላ ዘሎ «ወሪያ!» አለ። እኔ ደግሞ ለአፍታ «አገኘሁት!» ብዬ ነበር።

ምንም አላገኘሁም። የኤክስና የዋይ ማርሽ ሳጥኖች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ 1 ለ5፣ ሌላው 1 ለ10። ስለዚህ ድራይቮቹ ውስጥ የተጻፈው የኤሌክትሮኒክ ማርሽ ቁጥር የተለያየ ነው። ቅንብሩን ሳልገለብጥ ሳጥኑን ብቻ ለዋወጥኩ። ሰውን ወንበር አቀያይሮ ሥራውን ሳይነግሩት መተው ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሄደ። የሁለቱንም ቅንብር አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። አስተካክዬ ሞከርኩ።

ኤክስ አሁንም ሸሸ። ዋይ ደህና ነው። ድራይቩ ነጻ ነው።

ባለቤቱ ሻይ ይዞ መጣና «ሞተሩን እንቀይር?» አለኝ። አዲስ ሰርቮ ሞተር ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። «ጋሼ፣ እስኪ አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኩት። እዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ብር የሚጠፋው በግምት ዕቃ በመቀየር ነው። የቀየርከው ዕቃ ላይ ችግሩ ሲደገም፣ ሁለተኛውን ለመቀየር ድፍረቱም ገንዘቡም የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሌሊት ተኝቼ ሳስበው ለሁለት ቀን የተሳሳተ ጥያቄ ስጠይቅ እንደነበር ገባኝ። «ምን ተበላሸ?» እያልኩ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ «ማን አዘዘው?» ነው። ሰርቮ በራሱ ፈቃድ አይሄድም። 3.2 ሚሊ ሜትር የሄደው የሆነ ቦታ ላይ «ሂድ» ስለተባለ ነው።

ትእዛዙ የሚያልፍበት መንገድ ይህ ነው። መቆጣጠሪያው ለድራይቩ በአንድ ሽቦ ፐልስ ይልካል፤ እንደ ምት ነው። በሌላ ሽቦ አቅጣጫ ይነግረዋል፤ ቀኝ ወይም ግራ። በዚህ ማሽን ላይ አንድ ምት ማለት 0.01 ሚሊ ሜትር ነው። 100 ምት 1 ሚሊ ሜትር። ድራይቩ ምቱን ይቆጥርና ሞተሩን ያዞራል። ኢንኮደሩ ሞተሩ ስንት እንደዞረ መልሶ ለድራይቩ ይነግረዋል። ከዚያ ፒኞኑ፣ ከዚያ እንጨቱ።

ስለዚህ አራት ምስክር አለኝ። መቆጣጠሪያው ምን እንዳዘዘ ይናገራል። ድራይቩ ምን እንደደረሰው ይናገራል፤ የተቀበለውን ምት ጠቅላላ ድምር ስክሪኑ ላይ ያሳያል፣ በር ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው። ኢንኮደሩ ሞተሩ ምን እንዳደረገ ይናገራል። ካሊፐሩ እንጨቱ ላይ ምን እንደደረሰ ይናገራል። ቃላቸው የሚለያይበት ቦታ ላይ ነው ሌባው ያለው።

ሁሉንም ዜሮ ላይ አድርጌ ሙሉውን ቅርጽ አስጀመርኩ። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቁጭ። ሲያልቅ ወደ ዜሮ መለስኩት።

መቆጣጠሪያው፦ 0.00። ድራይቩ፦ 317 ምት። ኢንኮደሩ ወደ ምት ሲመነዘር፦ ያው 317። ካሊፐሩ፦ 3.2 ሚሊ ሜትር።

ሦስቱ ተስማሙ፣ አንዱ ብቻውን ቀረ። ድራይቩ፣ ሞተሩ፣ ፒኞኑ ሁሉም ታማኞች ናቸው። የደረሳቸውን ትእዛዝ ሳያዛንፉ ፈጽመዋል። ትእዛዙ ግን ከመቆጣጠሪያው አልወጣም። በመካከል፣ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሽቦ ላይ፣ አንድ ሰው 317 ጊዜ «ሂድ» ብሏል።

ይህን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ሳለ መብራት ሄደ።

ማሽኑ ጸጥ አለ። ወዲያው «ጓ!» የሚል ድምፅ። ስፒንድሉ 11 ሚሊ ሜትር ወርዶ ሰኞ ያስገባሁት ጉማጅ ላይ አርፏል። ጉማጁ ባይኖር ቢቱ የልጁ መዳፍ የነበረበት ቦታ ይደርስ ነበር፤ ብናኝ እየጠረገ ነበር። ማንም አልተናገረም። ልጁ እጁን አየ፣ ጉማጁን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ወዲህ «ኢንጂነር» ሲለኝ ሽሙጡ ቀንሷል።

ዜድ ሌላ በሽታ አለው ማለት ነው። ለብቻው ጻፍኩት። ሁለት ችግርን አንድ ላይ ማሳደድ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መብራቱ ተመልሶ ነበር። ዛሬ ምንም አልቀረጽኩም። ማሽኑን አቁሜ የድራይቩን ቁጥር ብቻ አነበብኩ።

ሰርቮው በርቶ፣ ስፒንድሉ ጠፍቶ፣ 30 ደቂቃ፦ 0 ምት።

ስፒንድሉን በ12000 ዙር አስነሳሁ። አክሲሶቹን ማንም አልነካም። 10 ደቂቃ፦ 39 ምት።

በ24000 ዙር፣ ሌላ 10 ደቂቃ፦ 46 ምት።

ልጁ ከጎኔ ቆሞ ቁጥሩ ሲጨምር ያያል። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት። «አየኸው? ብቻውን ይቆጥራል» አለኝ፣ ጂኑን በዓይኑ እንዳየ ሰው።

ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ቁጥሩ ብዙም አልተለወጠም። ይህ ነገር አስደሰተኝ። የሚረብሸው የስፒንድሉ መዞር ቢሆን ከዙሩ ጋር ይጨምር ነበር። የሚረብሸው ኢንቨርተሩ ነው። ኢንቨርተር 380 ቮልት ተቀብሎ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ 540 ቮልት ገደማ ይሆናል። ያንን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ነው ለስፒንድሉ የሚሰጠው። የመቆራረጡ ፍጥነት ስፒንድሉ ቢሮጥም ቢያዘግምም ያው ነው። እያንዳንዱ መቆረጥ ስለታም ነው። ጎኑ ያለ ሽቦ ውስጥ ሳይነካው ይዘላል። የፐልስ ሽቦው ላይ ያለው ደግሞ 5 ቮልት ብቻ ነው። 540 ቮልት በሚጮህበት ቤት 5 ቮልት ሲያንሾካሹክ፣ ድራይቩ ጩኸቱንም እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል።

ግምቴን ለማጣራት የኢንቨርተሩን የመቆራረጥ ፍጥነት ከ12 ኪሎ ኸርዝ ወደ 6 አወረድኩ። 10 ደቂቃ፦ 22 ምት። ግማሽ! ስፒንድሉ ግን ማፏጨት ጀመረ፤ መልሼ 12 አደረግሁት። ለማወቅ እንጂ ለመፈወስ አልነበረም።

ከዚያ ኃይል አጥፍቼ የፐልስ ሽቦውን ከመቆጣጠሪያው ጫፍ ነቀልኩ። ድራይቩ ላይ ግን እንደተሰካ ተውኩት። ስፒንድሉን አስነሳሁ። ቁጥሩ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። መቆጣጠሪያው ከሽቦው ጋር እንኳ አልተያያዘም፤ ድራይቩ ግን ትእዛዝ ይቀበላል። መቆጣጠሪያውም ነጻ ወጣ። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ነው ያመነኝ።

የልጁ የሰኞ ወሬ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። «የሚሳበው መጨረሻ ወደሄደበት ነው።» እርግጥ ነው! ጩኸቱ የሚገባው በፐልስ ሽቦው ነው። የአቅጣጫው ሽቦ ደግሞ መጨረሻ በተባለው ላይ ይቆያል። ስለዚህ የውሸቱ ምት ሁልጊዜ አክሲሱን መጨረሻ ወደሄደበት ይገፋዋል። ልጁ ሙሉውን መልስ በመጀመሪያው ሰዓት ነግሮኛል። እኔ ደግሞ በቀለም ብሎን ሳሠምር ነበር።

ይህ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ፈታልኝ። ዋይ ለምን አይሸሽም? ቆሞ ቁጥሩን ሳነበው እሱም ይጨምራል፤ 10 ደቂቃ ውስጥ 30 ያህል። ግን ቅርጹ ሲሠራ ዋይ በርዝመቱ 2 ሜትር ይሄዳል፣ 2 ሜትር ይመለሳል፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ። ሲሄድ የገባው የውሸት ምት ወደፊት ይገፋዋል፤ ሲመለስ የገባው ወደኋላ። ይጣፋል። ኤክስ ግን በየመስመሩ 0.4 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚራመደው። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሙሉ አቅጣጫው ቀኝ ነው። የውሸት ምቱ ሁሉ በአንድ ወገን ይጠራቀማል። በ10 ደቂቃ 46 ከሆነ በ70 ደቂቃ 322። እኔ ያነበብኩት 317።

ሙቀቱም በዚሁ ተፈታ። ጠዋት በር መቁረጥ ነው፤ ኤክስ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይጣፋል። ከሰዓት መቅረጽ ነው። ባለቤቱ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ ሰዓቱን ትቶ ሥራውን ቢያይ ኖሮ። ደግነቱ አልተከራከርነውም፤ ማጣሪያው መታጠብ ነበረበት።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማሽኑ ለዓመታት ደህና ሲሠራ ኖሮ አሁን ምን ነካው? «የቀየራችሁት ነገር አለ?» ብዬ ሰኞ ጠይቄ «ምንም» ተብያለሁ። ዛሬ ሌላ ዓይነት ጠየቅሁ፦ «ከስፒንድሉ ጋር የተነካካ ነገር አለ?» ባለቤቱ አሰበና «ኬብሉ ተበጥሶ አስቀይረናል። ከፋሲካ በፊት» አለ። ለእሱ ኬብል መቀየር «መቀየር» አይደለም። ሽቦ ሽቦ ነው።

የፓነሉን የታች ክዳን ከፈትኩ። የቀየረው ሰው 3 ሜትር ያህል ትርፍ ኬብል ቆርጦ አልጣለም። ጠቅልሎ፣ በናስትሮ አስሮ፣ የፐልስ ሽቦዎቹ በሚያልፉበት ቦይ ሥር አስተኝቶታል። ሥርዓት ያለው ጥቅል ነው፤ እንደ ጥምጥም። ኬብሉም ሺልድ፣ ማለትም ጩኸቱን የሚያፍን የብረት ሽፋን፣ የሌለው ተራ የቤት ኬብል ነው። የድሮው ሺልድ ነበረው፤ ቁራጩ ግቢው ውስጥ አጥሩን አስሮ አገኘሁት።

ጥቅሉን አውጥቼ ትርፉን ቆረጥኩ። ኬብሉን ከፓነሉ ውጭ በሌላ ወገን አዞርኩት። 10 ደቂቃ፦ 7 ምት።

አርብ፣ ግንቦት 15

ሺልድ ያለው ባለ አራት ገመድ ኬብል ፍለጋ ታይዋን ገበያን አሰስኩ። ታይዋን ውስጥ የሌለ ዕቃ የለም ይባላል። ይህ የለም። ሦስት ሱቅ «ያው ነው፣ አይለይም» ብለው ተራውን ሊሸጡልኝ ሞከሩ። አንዱ የአንቴና ኬብል አውጥቶ «ሺልድ ካልክ ይኸው ሺልድ» አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ጋ ደወልኩ፤ በማታ አውቶብስ ይልካል።

ከጁምዓ ሶላት በፊት የነበረውን ሰዓት ለኤርዙ (ለመሬት መስመሩ) አዋልኩት። በፓነሉ አካልና በኒውትራሉ መካከል በቴስተር ስለካ 31 ቮልት አገኘሁ። ሺልድ ብትገዛ የምታስረው ከኤርዝ ጋር ነው። ኤርዙ የውሸት ከሆነ ሺልዱ ሌላ አንቴና ይሆናል። የኤርዙን ሽቦ ተከትዬ ሄድኩ፤ የጣሪያው ብረት ምሰሶ ላይ በብሎን ታስሯል። ከቀለሙ በላይ። ምሰሶው ደግሞ ሲሚንቶ ውስጥ ነው የቆመው።

የድሬ አፈር አሸዋ ነው፣ ደረቅ ነው። ዘንግ የትም ብትተክል አይሆንም። የውኃ ታንከሩ የሚንጠባጠብበት ጥግ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እዚያ ሁለት የመዳብ ዘንግ ተራርቀው ተተከሉ። ልጁ በመዶሻ፣ እኔ በምክር። ከዚያ ከሕንፃው ዋና የኤርዝ ባር ጋር አገናኘን፤ ለማሽኑ የብቻ ኤርዝ ተክሎ ዋናውን መተው አደገኛ ነው። የፓነሉን ቀለም ፍቀን ብረቱን አወጣን። በድጋሚ ሲለካ 1 ቮልት አይሞላም።

6 ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ መስጊድ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ነው። ዛሬ በቃ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ኬብሉ በጠዋት ደረሰ። የስፒንድሉን ኬብል ቀየርኩ። ሺልዱን በሁለቱም ጫፍ አሰርኩት፦ በኢንቨርተሩ በኩል ፓነሉ ላይ፣ በወዲያኛው በኩል ስፒንድሉ አካል ላይ። ብዙ ሰው ሺልዱን ጠምዝዞ እንደ ጅራት አስረዝሞ በአንዲት ብሎን ያስራል። ያ ጅራት የሺልዱን ግማሽ ሥራ ይገድለዋል። ዙሪያውን በሚይዝ ብረት ጨብጦ ማሰር ነው።

የፐልስ ሽቦዎቹንም ጥንድ ጥንድ በተጠማዘዙ፣ ሺልድ ባላቸው ቀየርኳቸው። መንገዳቸውን ከስፒንድሉ ኬብል 30 ሴንቲ ሜትር አራቅሁ። አንድ ቦታ የግድ መሻገር ነበረባቸው፤ እዚያ መስቀለኛ አደረግሁት። ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው የሚነጋገሩት።

10 ደቂቃ፦ 0። 30 ደቂቃ፦ 1።

አንዷ ምት እንቅልፍ ነሳችኝ። 0.01 ሚሊ ሜትር ለእንጨት ምንም አይደለም፣ አውቃለሁ። ድራይቩ ውስጥ ግን የፐልስ ማጣሪያ አለ፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የሆነውን ምት አይሰማም። ሲመጣ የተቀመጠው 500 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው፤ በሩን በርግዶ እንደመተኛት። ይህ ማሽን በፍጥነቱ ጫፍ በደቂቃ 12 ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 200 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ 20000 ምት። ስለዚህ 100 ኪሎ ኸርዝ ላይ ባወርደው ለእውነተኛው ትእዛዝ አምስት እጥፍ ቦታ አለው። ከዚህ ብዙ ቢወርድ ግን እውነተኛውን ምት መብላት ይጀምርና ችግሩ በተቃራኒው ይመጣል።

አውርጄ 2 ሰዓት አስሮጥኩት። 0።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ በማጣሪያው ብጀምር ኖሮ ምናልባት ሐሙስ ዕለት ቁጥሩ ቀንሶ እኔም ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ጥቅሉ ግን እዚያው ተኝቶ ይቀር ነበር። 31 ቮልቱም።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

የዜድ ቀን።

የዜድ ሞተር ፍሬን አለው። ፍሬኑ በስፕሪንግ የሚይዝ ነው፤ 24 ቮልት ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲያጣ ይይዛል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ታዲያ ረቡዕ ለምን ወደቀ?

ገመዱን ተከተልኩ። ፍሬኑ በቀጥታ ከ24 ቮልት ሳጥኑ ጋር ታስሯል። ማለትም ማሽኑ እስከበራ ድረስ ሁልጊዜ ለቅቋል። ቀዩን ቁልፍ ብትጫን ሰርቮው ጉልበቱን ይለቃል፤ ፍሬኑ ግን 24 ቮልቱ ስላለ አይይዝም። መብራት ሲሄድም ሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ፍሬኑን ለጥቂት ጊዜ ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ሰርቮው ቀድሞ ይሞታል። በዚያች ቅጽበት ስፒንድሉን የሚይዘው የለም። የዜድ ጥርስ ደግሞ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ቦል ስክሩ የሚባል ጠመዝማዛ ዘንግ ነው፤ ራሱን አይቆልፍም።

ድራይቩ ለፍሬን የተዘጋጀ የራሱ መውጫ አለው። ማንም አልተጠቀመበትም። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) በኩል አሰርኩት። ፍሬኑ ሲዘጋ የሚረጨው ቮልቴጅ ሪሌውን እንዳያቃጥል ዳዮድ ጨመርኩ። ቅንብሩ ላይ ደግሞ ሰርቮው ፍሬኑን «ያዝ» ካለ በኋላ ለአፍታ ሞተሩን ይዞ እንዲቆይ አደረግሁ፤ ፍሬን ለመንከስ ጊዜ ይፈልጋል።

ጉማጁን ከሥሩ አስቀምጬ ቀዩን ቁልፍ አሥር ጊዜ ተጫንኩ። በካሊፐር የሚለካ መውረድ የለም። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ ሞከርኩ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር። ልጁ «ጉማጁን ልጣለው?» አለኝ። አትጥለው አልኩት። ስሙን ጻፈበትና መሣሪያ ሳጥን ላይ አኖረው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አዲስ ዋንዛ ተገዛ። ሙሉው ጠርዝ ተቀረጸ። ወደ ዜሮ ሲመለስ ቢቱ መስቀሏ ላይ ቆመ። ድራይቩ ላይ ያለው ቁጥር 0። ባለቤቱ በጣቱ ሐረጉን እስከ ጫፉ ዳሰሰውና ምንም ሳይል ለቀጣዩ ሳንቃ እንጨት እንዲጫን በእጁ ምልክት ሰጠ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

በሩ ተጭኖ ሐረር ሄደ። እኔ የሄድኩት ሒሳቤን ልቀበልና የድራይቩን ቁጥር ልመለከት ነው። ልጁ በየማታው እያነበበ ፓነሉ በር ላይ በጠመኔ ጽፎታል። ሰባት ዜሮ በተርታ። ሳልነግረው ነው።

ስወጣ ያን የተጠቀለለ ኬብል ቦርሳዬ ውስጥ ልከተው አነሳሁት። ለማስታወሻ። ባለቤቱ አየኝ።

«እሱን ተወው እንጂ፣ ለግቢው መብራት ይሆነኛል» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ለመብራት ምንም አይለውም። ተውኩለት።